ለሟቹ ገነት ተባለ፤ ለገዳዩስ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ይከራከራሉ። አንዱ፣ «ሃይማኖት ሁሉ ሥሩ አንድ ነው፤ ሁሉም ሰላምን ያስተምራል፤ ጦርነት የሥልጣን ፈላጊዎች ሥራ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ «ከሞት በኋላ ሕይወት አለ ባይባል ኖሮ ማን ደረቱን ለጥይት ይሰጥ ነበር? ሰውን ወደ እሳት የሚማግደው የገነት ተስፋ ነው» ይላል። ጠያቂው በመሀል ሆነው የትኛው ትክክል እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ፤ አክለውም፣ «ሁለቱም ወገን ወደ አንድ አምላክ እየጸለየ ሲዋጋ አምላክ የማንን ይሰማል?» ብለዋል።

የሃይማኖቶችን ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል፤ የምሰጠውም መልስ በየዓመቱ ትንሽ ይለወጣል። አሁን የደረስኩበትን ልንገርዎት። ሁለቱም ጓደኛሞች ዓይናቸውን የጣሉት በሟቹ ላይ ነው፦ ወዴት ይሄዳል፣ ምን ተስፋ ተሰጠው። እኔ ግን አንድ ሃይማኖት ስለ ጦርነት ከልቡ ምን እንደሚያስብ ማወቅ ስፈልግ፣ ገድሎ በሕይወት ለተመለሰው ሰው ምን እንደሚለው ነው የምመረምረው። ስለ ሟቹ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ለሐዘንተኛ የሚሰጥ ማጽናኛ ነው። ስለ ገዳዩ የሚነገረው ግን ያ ሃይማኖት የሰውን ደም ምን ያህል እንደሚመዝነው ይገልጣል።

ወደዚህ መንገድ የመራኝ ከጦር ሜዳ የተመለሰ አንድ ተማሪዬ ነው። ትምህርት አልቆ ሌሎቹ ሲወጡ ቀረና፣ «የወደቁት ጓዶቼ ሰማዕት ተብለዋል፤ እኔም ጀግና ተብያለሁ። የገደልኳቸው ግን ማታ ማታ ይመጣሉ። ስለ እነሱ የጠየቀኝ የሃይማኖት አባት እስካሁን አላገኘሁም» አለኝ። የዚያን ቀን የምመልስለት አልነበረኝም። ከዚህ በታች የምጽፈው በከፊል ለእሱ ሳልነግረው የቀረሁት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሜ ግን የመጀመሪያውን ጓደኛ ላርመው፤ ሃይማኖቶች አንድ አይደሉም። በአክብሮት የሚባል ቢሆንም፣ «ሁሉም አንድ ነው» ማለት የማንንም እምነት በቅጡ አለመስማት ነው። በጥንቶቹ የዕብራይስጥ መጻሕፍት ሲኦል ጻድቁም ኃጥኡም የሚወርድበት የጨለማና የዝምታ ስፍራ ነው፤ ዋጋ የሚከፈልበት ቦታ አይደለም። የሙታን ትንሣኤ በግልጽ የሚነገረው ዘግይቶ፣ በትንቢተ ዳንኤል 12፥2 ነው። በኢየሱስ ዘመን እንኳ ሰዱቃውያን ትንሣኤ የለም፣ ፈሪሳውያን አለ እያሉ በአንድ ቤተ መቅደስ ይሰግዱ ነበር። በሂንዱ እምነት ሰማይ የሚሉት ስፍራ ጊዜያዊ ነው፤ ነፍስ በጎ ሥራዋ ያፈራላትን ስትጨርስ ወደ ምድር ትመለሳለች፣ የመጨረሻው ግብም ከዚህ ዑደት መውጣት ነው። ቡድሃ ደግሞ ዓለምን ፈጥሮ የሚፈርድ አምላክ አላስተማረም፤ የሰው ሥራ ራሱ ፍሬውን ይዞ ይከተለዋል። በሜክሲኮ ይኖሩ የነበሩት አዝቴኮች ዘንድ ከሞት በኋላ የሚጠብቀውን የሚወስነው አሟሟት ነበር፤ በጦርነት የወደቀ ፀሐይን ያጅባል፣ በወሊድ የሞተች ሴትም እንደ ተዋጊ ተቆጥራ ያንኑ ክብር ታገኛለች።

ከዚህ ውስጥ ለሁለተኛውም ጓደኛ የሚሆን አንድ ነገር አለ። ኢያሱም ዳዊትም የተዋጉት የገነት ተስፋ በግልጽ ባልተነገረበት ዘመን እንደሆነ መጻሕፍቱ ራሳቸው ያሳያሉ። ለመዋጋት ገነት የግድ አላስፈለገም።

አሁን ወደ ገዳዩ ልምጣ። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 31 ለማንበብ የሚከብድ ምዕራፍ ነው። በምድያም ላይ የተደረገውን ጦርነት ይተርካል፤ ሴቶችና ወንዶች ሕፃናት እንዲገደሉ የታዘዘበት ነው፣ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አልፈልግም። ሆኖም በዚያው ምዕራፍ፣ ጦርነቱ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ተደረገ በተባለበት በዚያው ቦታ፣ ሰው የገደለ ሁሉ ሰባት ቀን ከሰፈሩ ውጭ እንዲቆይ፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን እንዲነጻ ታዟል። አሸንፎ የመጣው ጦር በእልልታ በቀጥታ ወደ ሰፈሩ አይገባም። ዳዊትም ቢሆን፣ በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ 22 እንደተጻፈው፣ ቤተ መቅደስ እንዳይሠራ የተከለከለው ብዙ ደም ስላፈሰሰ ነው። ልብ ይበሉ፣ ጦርነቶቹ ኃጢአት ነበሩ አልተባለም። እጁ ግን ደም ነክቷል።

ከዚያ በኋላ የመጡት የአይሁድ መምህራን በዚህ መንገድ ርቀው ሄደዋል። ንጉሥ ግዛቱን ለማስፋት ሊዘምት ቢፈልግ 71 አባላት ያሉት ሸንጎ ሳይፈቅድለት እንዳይዘምት ደነገጉ። ኦሪት ዘዳግም 20 አዲስ ቤት የሠራውን፣ ወይን የተከለውን፣ ያጨውንና ልቡ የፈራውን ከሰልፍ ይመልሳል፤ እነሱም ይህን በዝርዝር አብራሩት። ታላቁ የአይሁድ ሊቅ ማይሞኒደስ በ12ኛው መቶ ዓመት፣ እንዲጠፉ የታዘዘባቸው ሰባቱ የከነዓን ሕዝቦች መታሰቢያቸው እንኳ እንደጠፋ ጻፈ፤ ትእዛዙ በዘመኑ የሚያርፍበት ሕዝብ አልነበረም ማለት ነው። አስፈሪውን ጥቅስ ከመጽሐፉ አልፋቁትም፤ በሩን ግን ዘጉበት።

በክርስትና ታሪክ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በ4ኛው መቶ ዓመት በጻፈው 13ኛ ቀኖና፣ አባቶች በጦርነት መግደልን ከነፍስ ግድያ እንዳልቆጠሩት ይቀበላል። ነገር ግን እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከሥጋ ወደሙ ቢርቁ መልካም ነው ብሎ ይመክራል። ምክር እንጂ ጥብቅ ሕግ አልነበረም፣ ሁልጊዜም አልተፈጸመም። ይሁንና ይህ ምክር ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ አንድን ንጉሠ ነገሥት አስቆመ። ከ963 እስከ 969 በቁስጥንጥንያ የነገሠው ኒቄፎሮስ ፎካስ የተዋጣለት የጦር ሰው ነበር፤ በጦርነት የወደቁ ወታደሮቹ ሁሉ ሰማዕታት እንዲባሉ ቤተ ክርስቲያንን ጠየቀ። ፓትርያርክ ፖሊዩክቶስና ጳጳሳቱ የባስልዮስን ቀኖና አውጥተው እምቢ አሉት። ሦስት ዓመት ከቁርባን እንዲርቅ የሚመከርን ሰው እንዴት ሰማዕት እንበለው? አሉ። ለንጉሥ እንዲህ ብሎ መመለስ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስቡት።

በምዕራቡም ተመሳሳይ ነገር ነበር። በ1066 የኖርማንዲው ዊልያም በሄስቲንግስ እንግሊዝን ድል አደረገ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የራሱ አገር ጳጳሳት፣ የድል አድራጊው ወገን ጳጳሳት ማለቴ ነው፣ በሮሙ ጳጳስ እንደራሴ የጸደቀ የንስሐ ሥርዓት አወጡ። ሰው መግደሉን ያወቀ ለገደለው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዓመት ንስሐ ይግባ። አቁስሎ መሞቱን ያላወቀ ለእያንዳንዱ 40 ቀን። ስንት እንደገደለ የማያውቅ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በየሳምንቱ አንድ ቀን። ቀስተኞች ፍላጻቸው የት እንዳረፈ ሊያውቁ አይችሉምና ለሦስት ዐቢይ ጾም ንስሐ ይግቡ። ይህን ሰነድ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ስለዚያ ቀስተኛ ነው። ገዳዩ የማያውቀው ሟች እንኳ ደመ ከልብ ሆኖ እንዳይቀር ያሰበ ሰው ነበር።

ከዚያስ? በኅዳር 1095 የሮሙ ጳጳስ ኡርባን 2ኛ በክሌርሞን ጉባኤ፣ ለክብር ወይም ለገንዘብ ሳይሆን ስለ እምነቱ ብቻ ወደ ኢየሩሳሌም የሚዘምት ሰው ጉዞው ስለ ንስሐው ሁሉ እንዲቆጠርለት አወጀ። በሁለቱ መካከል ያለው 30 ዓመት አይሞላም። ያው ቤተ ክርስቲያን፣ ያው ወንጌል፣ ያው መንግሥተ ሰማያት ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በፊት ንስሐ የሚያስገባው ዘመቻ አሁን ራሱ ንስሐ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት በራይን ወንዝ ዳር ባሉ ከተሞች አይሁድ ተጨፈጨፉ፤ በ1099 ኢየሩሳሌም ስትያዝ ሙስሊሙም አይሁዱም በገዛ ከተማው ታረደ። ሁለተኛው ጓደኛ «ገነት ነው ጥፋተኛው» ሲል የሚያየው ይህን ነው፤ ማየቱም ልክ ነው። ግን የገነት ተስፋ ከ1095 በፊትም 1,000 ዓመት ነበረ።

ስለ እስልምና በዚህ ጉዳይ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ስለ ሸሂድ (ስለ ሰማዕት) እና ስለ ጀነት (ስለ ገነት) ብቻ ነው። ቁርኣን በ3፥169 በአላህ መንገድ የተገደሉትን ሙታን አትበሏቸው፣ በጌታቸው ዘንድ ሕያዋን ናቸው ይላል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ያው ቁርኣን በ2፥190 የሚዋጓችሁን ተዋጉ፣ ወሰን አትለፉ ይላል። በ22፥39 እና 40 ለተበደሉት መዋጋት ሲፈቀድ፣ የሚፈርሱ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት፣ የአይሁድ ምኩራቦችና መስጊዶች አብረው ይጠቀሳሉ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ ግን ሶሒሕ ሙስሊም በተባለው የነቢዩ ሙሐመድ ንግግሮች ስብስብ ያለው ሐዲስ ነው። በትንሣኤ ቀን መጀመሪያ ከሚፈረድባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሸሂድ ሆኖ የሞተ ሰው ነው። ቀርቦ፣ «ላንተ ስል ተዋግቼ ተገደልኩ» ሲል፣ «ዋሽተሃል፤ የተዋጋኸው ጀግና ነው እንድትባል ነው፤ ተብለሃልም» ይባላል፣ ወደ እሳትም ይጣላል። (ሌሎቹ ሁለቱ ለዝና ያስተማረ ዓሊምና ለዝና የመጸወተ ባለጸጋ ናቸው፤ መምህር እንደመሆኔ ይህ ለእኔም የተነገረ ነው።) ሌላው ሐዲስ ለሸሂድ ከዕዳ በቀር ሁሉም ኃጢአት ይማርለታል ይላል። የዕዳው ነገር ትንሽ ቢመስልም ትልቅ ነው፤ በጦር ሜዳ መሞት እንኳ የሌላውን ሰው ሐቅ አይሰርዝም። በሌላ ሐዲስ ደግሞ በወረርሽኝ፣ በሆድ በሽታ፣ በውሃ ሰጥሞ ወይም ሕንፃ ተደርምሶበት የሞተም ሸሂድ ነው፤ አንድም ሰው ሳይገድል።

ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ ኡሳማ ኢብን ዘይድ በአንድ ውጊያ ላይ አንድ ጠላት ሰይፍ ሲመዘዝበት «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ብሎ የእስልምናን ቃለ እምነት ቢናገርም ገደለው። ለነቢዩ ሙሐመድ ሲነግራቸው፣ ከፍርሃት የተነሣ ነው ያለው ብሎ ተከራከረ። «ልቡን ሰንጥቀህ አይተሃል?» አሉት፤ ደጋግመውም ወቀሱት፣ እሱም ምነው ከዛሬ በፊት ባልሰለምኩ ኖሮ እስኪል ድረስ። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ገዳዩ ነው፣ የሚጠየቀውም በወገኖቹ ፊት ነው።

ታዲያ ሰላማዊ ሰውን የሚያፈነዱት ከየት መጡ? መንገዱ ከክሌርሞን ጋር ይመሳሰላል። በጥንቱ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት ዘንድ የዘመቻ ጂሃድ የመሪ ውሳኔ ይፈልግ ነበር፤ እያንዳንዱን ሰው በግሉ የሚያስገድደው አገር ሲወረር መከላከል ብቻ ነው። የዘመናችን ታጣቂ ቡድኖች ማንኛውንም ውጊያ «መከላከል» ብለው ሰየሙት፤ ያን ጊዜ ሊቃውንቱም መሪውም ወላጅም ከመንገድ ተነሡ፣ ወጣቱ ከቡድኑ ጋር ብቻውን ቀረ። ይህም አዲስ በሽታ አይደለም። ኸሊፋ ዓሊን በ661 የገደለው ኸዋሪጅ ከተባለው የጥንት አክራሪ ወገን የሆነ፣ ራሱን ከሁሉ የበለጠ አማኝ አድርጎ የሚያይ ሰው ነበር።

ቡድሂዝምን በዚህ ጉዳይ ላይ እንደ ንጹሕ የሚያዩ ብዙ ናቸው። ፓሊ በተባለው ቋንቋ በተጻፈ አንድ ጥንታዊ የቡድሂስት ጽሑፍ የተዋጊዎች አለቃ ወደ ቡድሃ መጥቶ፣ «በጦርነት እየተዋጋ የሞተ በአማልክት መካከል ይወለዳል ሲሉ ከጥንት መምህራን ሰምተናል፤ አንተስ ምን ትላለህ?» ይለዋል። ቡድሃ፣ «ተወው፣ አትጠይቀኝ» ይለዋል። ደግሞ ይጠይቃል፣ ደግሞ ይመልሰዋል። በሦስተኛው ላይ፣ ያ ሰው ሲዋጋ ልቡ «እነዚህ ይሙቱ፣ ይታረዱ» በሚል ሐሳብ ተይዞ ነበርና የሚወለደው በሲኦል ነው ይለዋል። አለቃው አለቀሰ። ያለቀሰውም ቡድሃ በነገረው ነገር ሳይሆን እነዚያ መምህራን ይህን ያህል ዘመን ስላታለሉት እንደሆነ ተናገረ። ስለ ወታደርና ስለ ገነት ተስፋ ከተጻፈው ሁሉ ይህን የሚያህል እውነት ያለው ታሪክ አላነበብኩም።

ሆኖም ይህ እምነትም በሩን ከፍቷል። ማሃቫምሳ የተባለው የሲሪላንካ የታሪክ መጽሐፍ ስለ ንጉሥ ዱጠጋማኒ ይተርካል። ከድል በኋላ ስላስገደላቸው ብዙ ሰዎች ሲጨነቅ መነኮሳት መጥተው አጽናኑት፤ የገደልከው አንድ ሰው ተኩል ብቻ ነው፣ አንዱ በቡድሃ ተጠግቶ ነበር፣ ሌላው አምስቱን ሕግጋት ይጠብቅ ነበር፣ የቀሩት የማያምኑ ስለሆኑ ከእንስሳ አይሻሉም አሉት። ንጉሡ እኮ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቆ ነበር! ሕሊናው ነቅቶ ነበር። ያስተኙት ሊቀሰቅሱት የሚገባቸው ሰዎች ናቸው።

ባጋቫድ ጊታ የተባለውን የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ ብዙ ሰው በዚሁ ይከስሰዋል። አምላክ የሆነው ክሪሽና ለመዋጋት ላመነታው ጦረኛ ለአርጁና ነፍስ አትገደልም፣ ብትሞት ሰማይ ታገኛለህ፣ ብታሸንፍ ምድርን ትገዛለህ ይለዋል። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ሃይማኖቱ ለጦረኛ የተጻፈ ይመስለዋል። ግን ጊታ የሚገኝበት ረጅሙ የጦርነት ግጥም ማሃባራታ ሲያልቅ ድል አድራጊው የአርጁና ወንድም ዩዲሽቲራ ሰማይ ሲገባ በዙፋን ተቀምጦ የሚያገኘው ጠላቱን ዱርዮዳናን ነው፤ ወንድሞቹን ፈልጎ ሲሄድ በሲኦል ሲጮኹ ይሰማል። «ሰማይ ይህ ከሆነ እኔ እዚህ እቀራለሁ» ይላል። ኋላ ፈተና እንደነበር ይነገረዋል፤ አንባቢው ግን የድል ጣዕም ከአፉ ጠፍቶ ነው መጽሐፉን የሚዘጋው። ጋንዲ ጊታን በየቀኑ እያነበበ ጦር ሜዳው የሰው ልብ ነው አለ። ጋንዲን የገደለው ሰውም ጊታን የሚያነብ ነበር።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። የሕንድ ሃይማኖት ተከታዮች የሆኑት ሲኮች መምህር ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ሰይፍን የፈቀደላቸው ሌላው መንገድ ሁሉ ሲያልቅ ነው። ሜኖናይቶችና ኩዌከሮች የተባሉ የክርስትና ወገኖች ደግሞ ክርስቲያን ከቶ አይዋጋም ብለው በዚህ ምክንያት እስር ቤት ገብተዋል፤ ስለዚህ አንድ ሃይማኖት ውስጥ እንኳ አንድ አቋም የለም።

ሁለተኛው ጓደኛ ከዚህ በኋላም «ያለ ሃይማኖት ጦርነት ይቀንሳል» ቢል፣ የሲሪላንካ የታሚል ነብሮች ዓለማዊ ንቅናቄ ሆነው ሳለ አባሎቻቸውን አጥፍቶ ጠፊ አድርገው በብዛት እንዳሰማሩ ይንገሩት። ከ1618 እስከ 1648 በቆየው የሠላሳ ዓመት ጦርነትም ካቶሊኳ ፈረንሳይ ከፕሮቴስታንቷ ስዊድን ጎን ቆማ ካቶሊኮቹን የሃብስበርግ ነገሥታት ወግታለች። የመጀመሪያው ጓደኛም በዚህ እንዳይደሰት፤ ዱጠጋማኒን ያጽናኑት ፖለቲከኞች አልነበሩም።

ያን ተማሪዬን ዛሬ ባገኘው የባስልዮስን ሦስት ዓመት እነግረው ነበር። ቅጣት ይገባሃል ለማለት አይደለም። ማታ ማታ የሚመጡበትን ሰዎች ከ1,600 ዓመት በፊት የቆጠረላቸው ሰው እንደነበረ፣ ሕመሙም የእምነት ማነስ እንዳልሆነ እንዲያውቅ ነው። ገድለህ ስትመጣ ምንም አልነካህም የሚልህ የሃይማኖት ሰው አንተንም የሞቱትንም እያቀለለ ነው እለው ነበር።

የቀረው የመጨረሻው ጥያቄዎ ነው፤ አምላክ የማንን ይሰማል? በ1865፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሊያበቃ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን ሁለተኛ ጊዜ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ይህንኑ አንሥቶ ነበር። ሁለቱም ወገን አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል፣ ወደ አንድ አምላክ ይጸልያል፤ የሁለቱም ጸሎት ሊመለስ አይችልም፣ የማናቸውም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም አለ። እያሸነፈ የነበረው የእሱ ወገን ነበር።

ከዚያ በፊት ደግሞ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 5 አንድ ትንሽ ክፍል አለ። ኢያሪኮ ከመያዟ በፊት፣ ያ ሁሉ ደም ከመፍሰሱ በፊት፣ ኢያሱ የተመዘዘ ሰይፍ የያዘ ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ያያል። ቀርቦም፣ ከእኛ ወገን ነህ ወይስ ከጠላቶቻችን? ይለዋል። ሰውዬው ከሁለቱ አንዱን አልመረጠም። «አይደለሁም፤ እኔ የእግዚአብሔር ሠራዊት አለቃ ነኝ» አለው። ኢያሱ ያንን ጥያቄ አልደገመም፤ በግንባሩ ተደፋ፣ ጫማውንም አወለቀ።